ለስልክ መግዣ ብድር ከመፍቀዳችን በፊት

የተከበራችሁ የቁጠባና ብድር ማኅበራችን አባላት፣ አባቶቼና እናቶቼ፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፤

ከዛሬው ጉባኤያችን አጀንዳዎች አንዱ ለስልክ መግዣ የሚጠየቀው ብድር በመሆኑ፣ እዚሁ ደብረ ብርሃን ለዓመታት ስልክ ስጠግን የኖርኩ ሰው ነኝና ኮሚቴው ሐሳቤን በጽሑፍ አዘጋጅቼ እንዳቀርብ አዞኛል። ብድር ጠያቂዎችን ልወቅስ አልቆምኩም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ብዙዎቻችን ገንዘብ የምንልከውም የምንቀበለውም በስልካችን ስለሆነ፣ ስልክ የቅንጦት ዕቃ ነው የሚለው አነጋገር ጊዜው አልፎበታል። ይሁን እንጂ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ በጣም ስለናረ፣ ሳያስፈልግ የሚገዛ አንድ ስልክ የአንድ ቤተሰብን የብዙ ወራት ቁጠባ ይዞ ይሄዳል።

በኅዳርና በታኅሣሥ ብርድ፣ ጧት ሱቄን ስከፍት በር ላይ የሚጠብቀኝ ሰው አይጠፋም። ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት መምህርት እህታችን ስልኳን በነጠላዋ ጫፍ ጠቅልላ ይዛ መጣች። «ሠላሳ ፐርሰንት እያለው ድርግም አለ፤ በቃ ሞቷል፣ ብድር ልጠይቅ ነው» አለችኝ። ስልኩን ስቀበላት እንደ ወንዝ ድንጋይ ይቀዘቅዝ ነበር። ጥቂት በእጄ ይዤ ካሞቅሁት በኋላ ብከፍተው ተነሣ፤ ቻርጁም ያው ሠላሳ ፐርሰንት ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፦ በብርድ ጊዜ በባትሪው ውስጥ ያለው ኬሚካላዊ ሂደት ይዘገያል፤ አዲስ ባትሪ ይህን ይችለዋል፣ ያረጀው ግን ስልኩ የሚፈልገውን ኃይል ባንዴ መስጠት ስለሚያቅተው ስልኩ ራሱን ያጠፋል። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች በመሆኗ ይህ ችግር ከሌላው አገር ይልቅ እኛን ያጠቃናል። መምህርቷ ባትሪውን አስቀየረች፤ ስልኩ እስከ ዛሬ በእጇ አለ።

ጣርማበርን አልፈን ወደ ሞቃታማው ሸዋ ሮቢት ስንወርድ ደግሞ ጉዳቱ ይገለበጣል። ብርድ ባትሪን ለጊዜው ያደክመዋል፤ ሙቀት ግን ዕድሜውን ለዘለቄታው ያሳጥረዋል። ስለዚህ በዚያ መስመር የምትሠሩ ሹፌሮች ስልካችሁን ፀሐይ በሚመታው መስታወት ሥር ቻርጅ እያደረጋችሁ እንዳትነዱ እለምናችኋለሁ።

«ስልኬ ተንቀራፈፈ» የሚለውም አቤቱታ ሁልጊዜ የአዲስ ስልክ ጥያቄ አይደለም። አፕል ባትሪያቸው ያረጀ አይፎኖችን በሶፍትዌር ፍጥነታቸውን እንደሚቀንስ በፈረንጆቹ 2017 መጨረሻ አምኖ፣ በተከታዩ ዓመት የባትሪ መቀየሪያውን ዋጋ ከ79 ወደ 29 ዶላር ለማውረድ ተገድዷል። ባትሪ የቀየሩት ሰዎች የስልካቸው ፍጥነት ተመልሶላቸዋል። በእኛ ዘንድ በብዛት የማየው ምክንያት ግን ከዚህም የቀለለ ነው፤ በሰርግና በለቅሶ የተቀረጸ ቪዲዮ ሁሉ ሳይገለበጥ ተከማችቶ ሚሞሪው ጢም ብሎ ሞልቷል።

እንዲህ ስል ግን ስልክ ፈጽሞ አይቀየር ማለቴ አይደለም። ከልቤ የሚያሳስበኝ ነገር ሌላ ነው። የስልክ ሶፍትዌር በየጊዜው ቀዳዳ ይገኝበታል፤ አምራቹም ቀዳዳውን የሚደፍን ማሻሻያ ይልካል። አምራቹ መላኩን ያቆመ ዕለት፣ ከዚያ በኋላ የሚገኘው ቀዳዳ ሁሉ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ስልኩ ግን እንደ ወትሮው ይደውላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ባለቤቱም ምንም አይጠረጥርም። ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስበት ሰው እንዲህ ባለ ስልክ ላይ ቢቆይ በሩን ገርበብ አድርጎ እንደሚያድር ነው።

አንድ ወጣት አባላችን አዲስ ነው ተብሎ፣ ካርቶኑ እንደታሸገ የገዛውን ስልክ አምጥቶልኝ ነበር። ሴቲንግ ውስጥ ገብተን፣ «ስለ ስልኩ» የሚለውን ከፍተን፣ የመጨረሻው የደኅንነት ማሻሻያ የደረሰበትን ቀን አየን፤ ከገዛበት ቀን በአራት ዓመት ይቀድማል። ማሻሻያ ፈልግ ብለን ብናዝዘውም አዲስ ነገር አልመጣለትም። ልጁ ያን ገንዘብ ያጠራቀመው የቀን ሥራ እየሠራ ነበር፤ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ለስምንተኛው የጉግል ፒክስልና ለሳምሰንግ ኤስ 24 አምራቾቹ የሰባት ዓመት ማሻሻያ ቃል ገብተዋል፤ ርካሾቹ ስልኮች ግን ከዚህ በጣም ያነሰ ነው የሚያገኙት። ዘመኑ የሚቆጠረውም ያ ዓይነት ስልክ ገበያ ላይ ከዋለበት ጊዜ ጀምሮ እንጂ እኛ ከገዛንበት ቀን አይደለም። ስለዚህ ስንገዛ ከካሜራው በፊት ይህን ቀን እንጠይቅ።

የራሳችን ቤትም ከዚህ አያመልጥም። የአባላት ሒሳብ የተመዘገበበት የጽሕፈት ቤታችን ኮምፒውተር የሚሠራው በዊንዶውስ 10 ሲሆን፣ ማይክሮሶፍት ለዚህ ሶፍትዌር ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። ወደ ዊንዶውስ 11 ማሻገር ክፍያ ባይጠይቅም ብዙ አሮጌ ኮምፒውተሮች መስፈርቱን አያሟሉም። የእኛው መቻል አለመቻሉ ከሌላ ወጪ ሁሉ ቀድሞ እንዲጣራ እጠይቃለሁ።

በእጅ ስለሚታሰሩት ዘመናዊ ሰዓቶች አንድ ነገር ብቻ ልናገር፤ የሰው ጤና ጉዳይ ነውና። እርምጃ መቁጠራቸውና በአረንጓዴ ብርሃን የልብ ምት መለካታቸው እውነት ነው። ጣት ሳይወጋ የደም ስኳር ይለካል እየተባለ የሚሸጠውን ሰዓት ግን አትግዙ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በየካቲት 2016 ዓ.ም. በራሱ የደም ስኳር ይለካል ተብሎ ፈቃድ ያገኘ ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንደሌለ ገልጾ አስጠንቅቋል። ለስኳር ሕመምተኛ አባታችሁ በፍቅር የገዛችሁት ሰዓት የሐሰት ቁጥር ቢያሳያቸው፣ በዚያ ቁጥር ተመርተው ኢንሱሊን ሊወስዱ ወይም ሊተዉ ይችላሉ። ለዚህ ዓላማ የሚጠየቅ ብድር ቢመጣ እኔ በበኩሌ ድምፄን አልሰጥም።

ለጉባኤው የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ለስልክ ብድር የሚጠይቅ አባል አሮጌ ስልኩን ይዞ ይምጣና ባትሪውን፣ ሚሞሪውንና የማሻሻያውን ቀን አብረን እንይ። ችግሩ ባትሪ ከሆነ ብድሩ ይቅር፤ ባትሪውን ከፈለገው ባለሙያ ዘንድ ያስቀይር፣ እኔ ጋ መምጣት የለበትም። ማሻሻያው የተቋረጠበትና ገንዘቡን በስልኩ የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ግን ጥያቄው ወረፋ ሳይጠብቅ ይስተናገድ። ምርመራውን ዘወትር ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በጽሕፈት ቤታችን ተገኝቼ ያለ ክፍያ እሠራለሁ፤ ጉባኤው ካጸደቀው ከመጪው ቅዳሜ ጀምሮ ዝግጁ ነኝ።