መስታወቱ የሚሰጠውና የሚነሳው

ጤና ይስጥልኝ፣ የተከበራችሁ አድማጮቼ። ባለፈው እሑድ እዚህ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና እየጠጣን ሳለ፣ በቦዬ ረግረግ ወፎችንና ጉማሬዎችን ፎቶ የሚያነሳ አንድ ወጣት፣ «ጋሼ፣ ያገለገለ ኒኮን ዲ7200 አግኝቻለሁ፤ ልግዛው ወይስ ለሚረርለስ ገንዘብ ላጠራቅም?» ሲል ጠየቀኝ። ሚረርለስ የሚባለው በውስጡ መስታወት የሌለው የካሜራ ዓይነት ነው። ይህን ካሜራ ስድስት ዓመት ይዤዋለሁ፤ ሆኖም እዚያው ተቀምጬ በአንድ ቃል ልመልስለት አልቻልኩም። ሳምንቱን ሙሉ ሳወጣና ሳወርድ ቆይቼ፣ መልሱን ለእርሱም ለእናንተም ዛሬ ይዤ መጥቻለሁ።

ዲ7200 እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ፣ ከጀማሪ ካሜራ ከፍ፣ ከባለሙያ ካሜራ ዝቅ ያለ፣ 24 ሜጋፒክስል ያለው ካሜራ ነው። በእኔ እምነት ብርታቱም ድካሙም በአብዛኛው የሚመነጨው ከአንድ ክፍል፣ ከሌንሱ በስተኋላ ዘንበል ብሎ ከተቀመጠው መስታወት ነው። በሌንሱ የገባው ብርሃን መስታወቱ ላይ አርፎ ወደ ላይ ይነጥርና በፕሪዝም ተቃንቶ ዓይናችን ይደርሳል። ቁልፉን ስንጫን መስታወቱ ብድግ ይላል፤ ሹተሩ፣ ማለትም የብርሃኑ በር፣ ተከፍቶ ብርሃኑ ወደ ፎቶ የሚለውጠውን ሴንሰር ያገኛል፤ መስታወቱም ወዲያው ወደ ቦታው ይመለሳል።

ዓይናችን የሚያየው ራሱን ብርሃኑን ስለሆነ፣ ለማየት ኤሌክትሪክ አያስፈልግም። በአምራቾች የጋራ መለኪያ መሠረት አንድ ባትሪ 1,110 ፎቶ ያነሳል፤ ያውም ግማሹ በፍላሽ ተነስቶ። መብራት ሄዶ በሚያድርበት ከተማ፣ ማልዶ ኒካህ ላይ ተገኝቶ እስከ ምሽት ድግስ ድረስ ለሚቆይ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ማስረዳት አያሻኝም። ብዙ ሚረርለሶች በአንድ ባትሪ ይህን ያህል አይዘልቁም።

በሰርግ ነገር ከመስታወቱ ጋር የማይገናኝ አንድ ውለታም አለብኝ። ካሜራው ሁለት የሜሞሪ ካርድ ቦታ አለው፤ ሁለተኛውን ሁልጊዜ የመጀመሪያው ግልባጭ እንዲሆን አድርጌ ነው የማዘው። አንድ ጊዜ ሙሽራዋ ከእናቷ ጉልበት ላይ ተነስታ ስትሰናበት ያነሳሁትን ካርድ ማታ ኮምፒውተሬ አላነበው አለ። እጄ ተንቀጠቀጠ። ግልባጩን አውጥቼ ስከፍት ሁሉም ነበር፤ የእናትየው እንባ ጭምር። በ2017 የወጣው ተከታዩ ዲ7500 አንድ የካርድ ቦታ ብቻ ያለው በመሆኑ፣ በብዙ ነገር ቢሻለውም እኔ ወደ እርሱ አልተሻገርኩም።

ከሁሉ በላይ የምወድለት ግን ጨለማን የሚይዝበትን መንገድ ነው። ጅሬን ላይ ወደሚገኘው የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የወጣችሁ ታውቁታላችሁ፤ የእንጨቱ ክፍል ውስጡ ደብዛዛ ነው፤ በመስኮቱ የሚታየው ሰማይ ደግሞ ዓይን ይወጋል። እኔ ሰማዩ እንዳይነጣ አድርጌ በሮው ፋይል፣ ካሜራው ሳያስተካክል በሚያስቀምጠው ጥሬ ምስል፣ አነሳና፣ ቤት ገብቼ ጥላውን በኮምፒውተር አፈካዋለሁ። ያን ጊዜ ጥቁር መስሎ የነበረው ግድግዳ ውስጥ የሳንቃው ጅማት፣ የመጥረቢያው ዱካ፣ የተሰነጠቀው ጠርዝ አንድ በአንድ ይወጣል፤ ጥላውም ብዙም አይሻክርም። ሴንሰሩ ላይ ዝርዝርን የሚያለዝበው ማጣሪያ አለመኖሩ ለዚህ ይረዳል፤ ዋጋው ግን ደቃቅ ሽመና ባለው ልብስ ላይ አንዳንድ ጊዜ የሌለ ቀለም እየተመላለሰ መታየቱ ነው።

አሁን ወደሚነሳን ልምጣ። መስታወቱ ሲነሳና ሲመለስ ይጮኻል። ድምፅ የሚቀንስ ምርጫ ቢኖረውም ጨርሶ ዝም አያሰኘውም፤ ስለዚህ በለቅሶና በጸሎት ሰዓት ካሜራዬን ከቦርሳ አላወጣም። ዋናው ድካም ግን በስክሪኑ ሲነሳ የሚታየው ነው። በስክሪን ለማየት መስታወቱ ተነስቶ መቆየት አለበት፤ ከመስታወቱ ሥር ያለው ፈጣኑ የፎከስ መለኪያም ያን ጊዜ ብርሃን አያገኝም። ካሜራው ምስሉ እስኪጠራ ሌንሱን ወዲያና ወዲህ እያለ ይፈልጋል። ስክሪኑም አይታጠፍም። በኅዳር የቡና ማድረቂያ አልጋ ሥር ገብቼ፣ በሽቦው ቀዳዳ የሚያልፈውን ብርሃንና ከላይ ቡና የሚያገላብጡትን እጆች ለማንሳት ስፈልግ፣ በጀርባዬ መሬት ላይ ከመተኛት በቀር መንገድ የለኝም። ቪዲዮም ቢሆን 4ኬ የሚባለው ከፍተኛ ጥራት የለውም። ሥራው በአብዛኛው ቪዲዮ የሆነ ሰው ይህን ካሜራ እንዲገዛ አልመክርም።

ሌላው ችግር ስውር ነው። ፎከስ የሚለካውና ፎቶውን የሚቀበለው ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ስለሆኑ፣ ትንሽ ከተዛነፉ ዓይን ላይ ያነጣጠርነው ጆሮ ላይ ይጠራል። ከሌላ አምራች በገዛሁት አንድ ሌንስ ይህ ሲደርስብኝ ወራት ያህል ራሴን ወቀስኩ። በኋላ ማስመሪያ አጋድሜ፣ 10 ቁጥር ላይ አነጣጥሬ ሳነሳ ጥርት ያለው ከኋላው ያለው ቁጥር ሆነ። ካሜራው ለየሌንሱ ከ20 ሲቀነስ እስከ 20 ሲደመር የሚደርስ ማስተካከያ ስላለው፣ 7 ቀንሼ አቃናሁት። አዲስ ሌንስ ባገኘሁ ቁጥር ያቺን ማስመሪያ አወጣለሁ።

እንግዲህ ለዚያ ወጣት መልሴ፦ ግዛው። አንተ የምታነሳው ወፍ ነው። 51 የፎከስ ነጥቦች አሉት፤ በሴኮንድ 6 ፎቶ ያነሳል፤ የሴንሰሩ መጠን 200 ሚሊሜትር ሌንስህን እንደ 300 ያደርገዋል፤ የምስሉን ዳር ቆርጦ መሃሉን ብቻ የሚያስቀረውን፣ 1.3 የሚለውን ክርከማ ስትመርጥ ደግሞ ወደ 400 ይጠጋል፤ ነጥቦቹም ያን ጊዜ ምስሉን ከዳር እስከ ዳር ሊሞሉት ምንም አይቀራቸው። ሌንሱን ለፎከስ የሚያዞር የራሱ ሞተር ስላለው አሮጌዎቹን፣ ሞተር የሌላቸውን የኒኮን ሌንሶችም ያሽከረክራል፤ ያገለገለ ዕቃ ለሚገዛ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ኒኮን ከ2020 በኋላ አዲስ ባለመስታወት ካሜራ አለማውጣቱን ግን እያወቅህ ግባበት።

ሹተሩ የተፈተነው ለ150,000 ጊዜ ስለሆነ ምን ያህል እንደተነሳበት ሻጩን ጠይቅ። ሌንሱን ሳላየው ደግሞ ገንዘብ እንዳትከፍል። የጅማ ክረምት እርጥበቱ ብርቱ ነው፤ ቦርሳ ውስጥ ተዘግቶ የከረመ ሌንስ የሸረሪት ድር የመሰለ ሻጋታ ያበቅላል፤ በቀን ብርሃን ላይታይ ይችላል፣ ከኋላ ሲበራበት ግን ይወጣል። ሐሙስ ሂርማታ ገበያ ስንገናኝ የእጅ ባትሪ ይዤ እመጣለሁ።