ማን ቆጥሮ?

ሰላም፣ ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ይህን ክፍል ሁለት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ዛሬ እጨርሰዋለሁ።

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት፣ ወደ 10 ሰዓት ገደማ፣ አልጋዬ ተንቀሳቀሰ። አዲስ አበባ ያላችሁ ታስታውሱታላችሁ። አዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ መንቀጥቀጥ ከጀመረ ሰንብቷል፤ የዚያን ሌሊቱ ግን ጠንከር ያለ ነበር። መጠኑ ከ5 በላይ ነበር። እኛ የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ብርጭቆው ተንጫጫ፣ አምፖሉ ተወዛወዘ። አያቴን አዘልኳትና ደረጃውን ወረድኩ። ግቢው ውስጥ ጎረቤቱ ሁሉ ጋቢና ብርድ ልብስ ተከናንቦ ቆሟል። ሕፃናት ያለቅሳሉ። ትልልቁ ሰው ስልኩ ላይ አፍጥጧል።

አያቴን አንድ ጠርዝ ላይ አስቀመጥኳት። እስኪ ትንሽ ትረጋጋ ብዬ ዝም አልኩ። እሷ ግን ወዲያው «ስንት ሰው ሞተ?» አለችኝ።

ስልኬን አየሁ። «ማንም አልሞተም እማማ። ምንም አልተባለም።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ማን ቆጥሮ?» አለች።

ሌላ ነገር አልተናገረችም። እኔም የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ሌሊት ጀምሮ ግን ያቺ ጥያቄ ከጆሮዬ አልጠፋችም።

ማታ ማታ፣ ከሥራ በኋላ፣ በሀገራችን ስለደረሱ አደጋዎች ማንበብ ጀመርኩ። ድርቅ፣ ጎርፍ፣ አንበጣ፣ የከብት በሽታ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ። ዓመቱ ተጽፏል። ቦታው ተጽፏል። የሟቾቹ ቁጥር ላይ ስደርስ ግን «ይገመታል» ይላል። «ከዚህ እስከዚህ» ይላል። ደጋግሜ ሳየው አያቴ ያለችው ገባኝ።

ከሩቁ ልጀምር። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ያለውን ጊዜ አባቶቻችን «ክፉ ቀን» ብለው ጠሩት። እኛ እስካሁን ትንሽ ገንዘብ ስናስቀምጥ «ለክፉ ቀን ይሆነኛል» እንላለን። አሁን ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር በሬዎች ይታዩኛል። ምክንያቱም የዚያ መከራ መነሻው ከብት ነው። ጣልያኖች ምፅዋ ላይ ሰፍረው ሳለ ለጦራቸው ከህንድ ካስመጧቸው ከብቶች ጋር የደስታ በሽታ ገባ። አዎ፣ ስሙ ደስታ ነው። የእንስሳት ሐኪሞች ዛሬም በዚሁ ስም ያውቁታል። ከ10 ከብት 9ኙን ጨረሰ ይባላል።

በሽታው ሰው አይዝም። ሰውን የገደለው በሬውን በመግደል ነው። በሬ ከሌለ ማን ያርሳል? ማሳው ጦም አደረ። በዚያ ላይ ዝናብ ቀረ፣ አንበጣና ተምች መጣ። አፄ ምኒልክ ሰው በእጁ እንዲቆፍር ለማደፋፈር ራሳቸው ዶማ ይዘው ቆፍረዋል። እዚህ ላይ ሁልጊዜ ቆም እላለሁ። በሬ ጠምዶ ማረስ ክብሩ የሆነ ገበሬ፣ ንጉሡን ዶማ ይዘው ሲያይ ምን ተሰምቶት ይሆን?

ከሕዝቡ ሲሶው አለቀ ይባላል። ግን የስንት ሲሶ? ያኔ የሀገሩን ሕዝብ የቆጠረ የለም። ስንት እንደሆንን ሳይታወቅ ሲሶአችን አለቀ።

የደስታ በሽታ እንኳ ሰኔ 2003 ዓ.ም. ከዓለም መጥፋቱ በይፋ ታውጇል። አንድ በሽታ ከምድር ላይ ጠፋ። የገደላቸው ሰዎች ቁጥር ግን እስከ ዛሬ «ይባላል» ነው።

ወደ መሬት መንቀጥቀጡ ልመለስ፤ እኔን ከአልጋዬ ያስነሣኝ እሱ ነውና። ግንቦት 1953 ዓ.ም. ላይ ከአዲስ አበባ ሰሜን ምሥራቅ ባሉት ካራ ቆሬና ማጀቴ አካባቢ ከባድ መንቀጥቀጥ ነበር። ማጀቴ ፈራረሰች። መጋቢት 1961 ዓ.ም. ደግሞ አፋር ውስጥ ሰርዶ የምትባል ትንሽ ከተማ ወደመች፤ በአሥሮች የሚቆጠር ሰው ሞተ። እነዚህ አደጋዎች ከዚያ የባሰ ሰው ያልጨረሱት ቤቱ ዝቅ ያለ፣ ሰዉም ተራርቆ የሚኖር ስለነበረ ይመስለኛል። ጭቃና እንጨት ይወድቃል እንጂ እንደ ኮንክሪት አይጫንም። ዛሬ እኔ አራተኛ ፎቅ ነኝ። ከእኔ በላይ ሰው አለ። ከታችም አለ። በዚያ ሰሞን ከአዋሽ ፈንታሌና ከዱለቻ በአሥር ሺህዎች የሚቆጠር ሕዝብ ከቤቱ ወጥቶ በድንኳን አድሯል። እኛ ጋ ግን ከሳምንት በኋላ ወሬው ቀዝቅዟል። ይሄ ያስፈራኛል። ከልቤ ነው የምላችሁ።

አሁን ወደ ከበደኝ ልግባ።

ኢትዮጵያ ሕዝቧን በሀገር አቀፍ ደረጃ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠረችው መቼ መሰላችሁ? ግንቦት 1976 ዓ.ም.። ወደ 42 ሚሊዮን ሆነን ተገኘን። ይህን ሳነብ ቀኑን ሁለት ጊዜ አየሁት። ግንቦት 76! ቆጣሪ ደብተሩን ይዞ ቤት ለቤት በሚዞርበት ሰሞን ወሎ ውስጥ ገበሬው ቤቱን ጥሎ የተራቡ ሰዎች መጠለያ ወደነበረባት ኮረም መንገድ ጀምሯል። ጦርነት የነበረበት የሰሜኑ ገጠር ደግሞ ብዙው አልተቆጠረም፤ በግምት ነው የተሞላው። ገና መቆጠር ስንጀምር፣ መቆጠር የነበረበት ሰው እየሞተ ነበር።

መስከረም 2 ቀን 1977 ዓ.ም. የአብዮቱ 10ኛ ዓመት በታላቅ ድምቀት ተከበረ። የደርግ ፓርቲ የነበረው ኢሠፓም (የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ) የተመሠረተው በዚያው ሰሞን ነው። ኮረም ላይ ግን በየማለዳው ሬሳ ይሰበሰብ ነበር። ጥቅምት 13 ቀን፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ መሐመድ አሚንና የቢቢሲው ጋዜጠኛ ማይክል በርክ የቀረጹት ታየ። ዓለም የደነገጠው ያን ቀን ነው። እርዳታው ከዚያ በኋላ ጎረፈ። የሞተው ደግሞ ከዚያ በፊት ሞቷል።

ስንት? አንዱ 400 ሺህ ይላል። ሌላው አንድ ሚሊዮን። በሁለቱ መካከል ያለውን አስቡት። 600 ሺህ ሰው ነው። በዚያው ዘመን መንግሥት ከሰሜን አንሥቶ ወደ ደቡብና ምዕራብ ያሰፈረው ሕዝብም ወደ 600 ሺህ ይጠጋል። በሁለቱ ግምቶች መካከል የቀረውን፣ ያንን ያህል ሕዝብ «ወይ ነበረ ወይ አልነበረም» ብለን አልፈነዋል።

ከዚያ 11 ዓመት በፊትም ያው ነው። በ1965 እና 66 የወሎ ሰው ሲያልቅ ነገሩ ተደብቆ ነበር። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ድረስ ሄደው ያነሡትን ፎቶ አምጥተው አሳዩ። ጥቅምት 1966 ላይ የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ የቀረጸው ፊልም በሀገሩ ታየ። የእኛ ሰው በቴሌቪዥን ያየው መስከረም 1 ቀን 1967 ማታ ነው፤ የቤተ መንግሥቱ ግብዣ በመሃል በመሃሉ ተቀጥሎበት። በማግሥቱ ንጉሡ ከዙፋን ወረዱ። የሟቹ ቁጥር? ከ40 ሺህ ጀምሮ እስከ 200 ሺህ ይባላል።

ፕሮፌሰር መስፍን ወልደማርያም ዕድሜያቸውን ሙሉ ድርቅንና ረሃብን አታምታቱ ሲሉ ኖረዋል። ዝናብ መቅረቱ ድርቅ ነው። ሰው የሚሞተው ግን ጎተራው ባዶ ሆኖ፣ መንገዱ ተዘግቶ፣ የሚሰማው አጥቶ ነው። እኔ ከዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሚቆጥረው አጥቶም ነው። ያልተቆጠረ ሰው እርዳታ አይላክለትም። ቀጥሎም ለቅሶ አይደረስለትም።

አባቴ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነበር። ሽፋኑ ጥቁር የሆነ ትልቅ መዝገብ ነበረው። ሰው ሲሞት ስሙ፣ ቀኑ፣ የተከፈለው ገንዘብ፣ ድንኳኑ፣ ወንበሩ ሁሉ ይጻፋል። አንዲት አሮጊት ብቻቸውን ኖረው ቢሞቱ እንኳ መዝገቡ ውስጥ መስመር አላቸው። ልጅ ሆኜ ይሄ አሰልቺ ሥራ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው፣ ሀገር ያልቻለውን አባቴና ጓደኞቹ በእስክሪብቶ ይሠሩት ነበር።

የቅርቦቹ ይሻላሉ። ተቆጥረዋል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ድሬዳዋን ጎርፍ መታት። ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ከላይ ደጋው ላይ የዘነበው ዝናብ በሌሊት ወርዶ የተኛውን ሕዝብ ወሰደ። ከ250 በላይ ሰው ሞተ፤ ሌላም ብዙ ሰው የት እንደገባ አልታወቀም። ከሳምንት ገደማ በኋላ ኦሞ ወንዝ ሞልቶ ደቡብ ኦሞ ውስጥ፣ ዳሰነች ላይ፣ ከ360 በላይ ሰው ገደለ። ድሬን ሁላችንም እናስታውሳለን። ኦሞን ስንቶቻችን ነን? እኔ ራሴ በቅርቡ ነው የሰማሁት። በአንድ ወር ውስጥ የሆነ ነገር ነው፤ የሚበልጠው ሰው የሞተውም ኦሞ ላይ ነው። ከተማ ስላልሆነ ነው? ሩቅ ስለሆነ? አፍሬያለሁ።

ስለ ጎፋ ሳልናገር አላልፍም። ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ገዜ ጎፋ ወረዳ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ተራራው ተንዶ ቤቶች ቀበረ። ሰው ጩኸት ሰምቶ ሮጠ። የቀበሌው አስተዳዳሪ ሮጠ። መምህር ሮጠ፣ የጤና ባለሙያ ሮጠ፣ የግብርና ባለሙያ ሮጠ። ጭቃውን በእጃቸውና በአካፋ እየቆፈሩ ሳለ ተራራው ድጋሚ ተናደ። ከ200 በላይ ሰው አለቀ፤ ብዙው ሊያድን የሄደ ነው። ለሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታውጆ ነበር። በሀገራችን ሰው ጩኸት ሲሰማ ለምን እንደሚሮጥ ሁላችንም እናውቃለን። ማንም «ቆይ፣ ሁለተኛ ናዳ ይመጣል» ብሎ አይቆምም። እንዲያውቅ የሚያስተምረው ሰው ግን ያስፈልግ ነበር። ዝናብ ጠጥቶ የከበደ ተዳፋት አንዴ ከተናደ ድጋሚ ሊናድ ይችላል። ይህን በየቀበሌው መንገር ብዙ ገንዘብ አይፈጅም።

አሁን ስለ አያቴ።

አያቴ የቆቦ አካባቢ ሰው ናት። በ77 ኮረም ነበረች። እናቴን፣ ሁለት ወንዶች ልጆችንና አንዲት ሕፃን ይዛ ነው ከቤቷ የወጣችው። አዲስ አበባ የገባችው እናቴን ብቻ ይዛ ነው። እኔ ይህን ያህሉን ሁልጊዜ አውቃለሁ። ከዚያ በላይ ጠይቄ አላውቅም። እናቴም አትናገርም። አያቴ ስትጠየቅ «ሆድ ይፍጀው» ብላ ፊቷን ታዞራለች። ሬሳ ሳይቀበር፣ ለቅሶ ሳይቀመጡ የቀረ ሰው እርሙ አይወጣም እንላለን። የእሷ እርም 40 ዓመት አልወጣም።

ባለፈው እሁድ ቡና ተፈልቶ ተቀምጠን ሳለ የአባቴን የቆየ መዝገብ አመጣሁ። ከኋላው ያልተጻፈባቸው ገጾች አሉት። «እማማ፣ ያን ሌሊት ማን ቆጥሮ ብለሽኝ ነበር» አልኳት። «እኔ ልቁጠር። ንገሪኝ።»

ረጅም ጊዜ ዝም አለች። ሁለተኛው ቡና ቀረበ። ከዚያ የታላቁን ስም ጠራች። ጻፍኩ። የሁለተኛውን ጠራች። እሱንም ጻፍኩ። እናቴ ተነሥታ ወደ ጓዳ ገባች።

«ሦስተኛዋስ?» አልኩ።

«ሰማንያ ቀኗ አልደረሰም። ክርስትና አልተነሣችም» አለች። «ስም አላወጣንላትም።»

እስክሪብቶውን ይዤ ቆየሁ። ከዚያ «ሴት ልጅ፣ ሁለት ወሯ፣ ኮረም፣ 1977» ብዬ ጻፍኩ።

«ምን ብለህ ጻፍክ?» አለችኝ። አነበብኩላት።

«ዓይኗ ትልልቅ ነበር» አለች። «እሱንም ጻፈው።»

ጻፍኩት።