ሊኑክሱ ገብቷል፤ ደብዳቤውን በምን እንጻፍ?

የተከበሩ ዲናችን፣ የየክፍሉ ኃላፊዎች፣ መምህራን፣ ጸሐፊዎቻችን፣ እንዲሁም እንደ ልማዳችሁ የኋላውን ወንበር የያዛችሁ የአይሲቲ ልጆች፤ እንደምን አደራችሁ።

ፕሮግራሙ ላይ የተጻፈልኝ ርዕስ «ሊኑክስ ለተጫነባቸው ኮምፒውተሮች የሚሆን የቢሮ ሶፍትዌር ስለመምረጥ» ይላል። ኮሚቴው የወሰነውን ለማንበብ አንድ ደቂቃ አይፈጅም። ስለዚህ እሱን አስቀድሜ ልናገርና ልገላገል። በዊንዶውስ ቦታ ሊኑክስ የሚባለው ነፃ ሲስተም የተጫነባቸው ማሽኖች ሁሉ ሊብሬ ኦፊስ የሚባለውን ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። የውስጥ ሰነድ ኦዲኤፍ በሚባለው ክፍት የፋይል ዓይነት ሴቭ ይደረጋል። ወደ ውጭ የሚሄድ ደብዳቤ በፒዲኤፍ ይወጣል። የአማርኛ ፎንታችን አቢሲኒካ ነው። አለቀ።

የቀረው ጊዜ የኔ ነው። ሆዴ ውስጥ የከረመ ነገር አለኝ፤ ዛሬ ካልተናገርኩት መቼ?

እዚህ እንዴት እንደደረስን ታውቃላችሁ። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረውን መደበኛ ድጋፍ አቆመ። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕና አዳዲስ ፕሮሰሰር ይፈልጋል። የኛዎቹ ማሽኖች ያን አያሟሉም። አዲስ ለመግዛት በጀት የለም። እንጣላቸው ብንል ደግሞ የንብረት ክፍሉ እኛን ይጥለናል። ስለዚህ ሊኑክስ ሚንት የሚባለውን የሊኑክስ ዓይነት ጫንን። ማሽኖቹ ቶሎ መነሳት ጀመሩ፤ ማንም አላማረረም። ተማሪው ብሮውዘሩን ከፍቶ ሥራውን ቀጠለ። ማማረር የመጣው ደብዳቤ ሊጻፍ ሲል ነው።

አንድ ነገር ላጫውታችሁ። የትኛው ክፍል እንደሆነ አልናገርም፤ ባለቤቶቹ እዚሁ ተቀምጠው ከወዲሁ እየሳቁ ነው።

የበጀት ዓመቱ ሊዘጋ ነው። የዓመቱ ሪፖርት በዕለቱ መፈረም አለበት። ሪፖርቱ ቤት ውስጥ፣ በላፕቶፕ፣ በማይክሮሶፍት ወርድ ተጽፎ በፍላሽ መጣ። ጸሐፊዋ ሊኑክሱ ላይ ከፈተችው። የሠንጠረዡ የመጨረሻ መስመር ወደ ቀጣዩ ገጽ ወርዷል። ፊርማውና የማህተሙ ቦታ ደግሞ ሌላ ባዶ ገጽ ላይ ለብቻቸው ቀርተዋል። ኃላፊው አዩት። «የነፃ ነገር መጨረሻው ይኸው ነው!» አሉ። ድምፃቸው ኮሪደሩ ድረስ ይሰማል። «ማነው ይሄን ያስገባብን?» ያስገባው እኔ ነኝ፤ ተጠራሁ።

ሄድኩ። ከላይ የፎንቱ ስም የሚታይበትን ሳጥን አየሁ። ኒያላ ይላል፤ ግን ስሙ ዘመም ብሎ ነው የተጻፈው። ሊብሬ ኦፊስ የፎንት ስም ሲያዘም «ይሄ ፎንት እዚህ ማሽን ላይ የለም፣ ሌላ ተክቼ ነው የማሳይህ» ማለቱ ነው። ኒያላ የማይክሮሶፍት ፎንት ነው፤ ከሊኑክስ ጋር አይመጣም። የተተካው ፎንት ፊደሉ ትንሽ ሰፋ፣ መስመሩ ትንሽ ከፍ ይላል። ትንሽ በትንሽ ሠላሳ መስመር ላይ ሲጠራቀም ፊርማ ከገጹ ይገፋል። ይህን ላስረዳ ስሞክር «ወደዚያኛው ማሽን ውሰደው!» ተባልኩ። ያኛው ማሽን ዊንዶውስ 10 ነው። ወሰድኩት። ከፈትኩት።

እዚያም ተበላሸ።

ዊንዶውስ 10 ላይ ኒያላ እንደ ተጨማሪ ፎንት ካልተጫነ በስተቀር አይገኝም። ማሽኑ በራሱ ፎንት ተካው፤ ሠንጠረዡ እዚያም ተንሸራተተ። ክፍሉ ውስጥ ለአፍታ ዝም ተባለ። በልቤ «ተመስገን፣ አሁን ገባቸው» አልኩ። ኃላፊው መነጽራቸውን አውልቀው ምን አሉ መሰላችሁ? «ፕሪንተሩ ነው።»

ገና አንዲት ወረቀት እንኳ አልታተመችም!

አያችሁ አይደል? ሊኑክስ ላይ ሲበላሽ ጥፋተኛው ሶፍትዌሩ ነው። ዊንዶውስ ላይ ያው ነገር ሲበላሽ ጥፋተኛው ፕሪንተሩ ነው፣ ፍላሹ ነው፣ መብራቱ ነው፣ ጸሐፊዋ ናት። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄው ነው። ፎንቱን ቀየርን፣ የመስመር ክፍተቱን አስተካከልን፣ ተፈረመ፣ ማህተም ተመታ። ያችን ቀን የሚያነሳ ሰው ግን ዛሬም ድረስ «ሊብሬ ኦፊስ ሪፖርት ያበላሸ ዕለት» እያለ ነው የሚያወራው።

ይህ ነው ሆዴ ውስጥ የከረመው። ለአንዱ ይቅርታችን ማለቂያ የለውም፤ ለሌላው አንዲት መስመር ብትንሸራተት ፍርዱ በዚያው ቅጽበት ነው። ስለ ክራኩ ኦፊስ፣ ሳይከፈልበት ቁልፉ ተሰብሮ ስለሚጫነው የማይክሮሶፍት ኦፊስ፣ እንነጋገር እስቲ። ሁላችንም እናውቀዋለን። ኢንስቶል ሲደረግ መጀመሪያ የምንባለው «አንቲቫይረሱን አጥፋው» ነው። በር ጠባቂውን አሰናብተን ነው እንግዳ የምናስገባው! ከዚያ ፍላሽ ሰክተን ስንከፍት ፎልደሮቻችን ሁሉ ሾርትከት ሆነው ይጠብቁናል። የተማሪ ውጤት የጠፋበት መምህር እዚህ አለ። የመመረቂያ ጽሑፉን ሊያስረክብ ሁለት ቀን ሲቀረው ወርድ ወደ ማንበቢያ ብቻ ተለውጦ «አክቲቬት አድርግ» ያለው ተማሪ ነበረን። ያን ጊዜ «ይሄ ሶፍትዌር አይረባም፣ ይውጣልን» ያለ ሰው ሰምታችኋል? አንድም ሰው አልሰማሁም። የሚባለው «ክራኩ አሮጌ ነው፣ አዲስ ክራክ አምጣ» ነው። እኛ መንግሥት ያስቀመጠን፣ ተማሪ «አትኮርጅ» የምንል ሰዎች ነን! የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ ግድግዳችን ላይ ግን የተለጠፈው የፈተና ሥነ ሥርዓት ብቻ ነው።

ገንዘብ ከፍሎ በሕጋዊ መንገድ ወርድ ለሚጠቀም ሰው አንድም ቃል የለኝም። መብቱ ነው፣ ሶፍትዌሩም ጥሩ ነው። የምናገረው የሰረቀውን እያሞገሰ የተሰጠውን ለሚሰድብ ነው።

እዚህ ላይ ዕድሜያችን ገፋ ያለው የምናስታውሰውን ነገር ላንሳ። መዝገብ ቤቱ ውስጥ በሲዲ የተቀመጡ የድሮ ቃለ ጉባዔዎች አሉ። በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ፣ በድሮዎቹ የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች፣ የተጻፉ ናቸው። ባለፈው ሰሞን አንዱን ከፈትነው። ስክሪኑ ላይ የመጣው የፈረንጅ ፊደልና ምልክት ድብልቅልቅ ነው። አንዳንዶቻችሁ «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብላችኋል። አልተበላሸም። በዚያ ዘመን ፎንቶቹ የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቁጥር ላይ ነበር የሚደርቡት። ኮምፒውተሩ «ሀ» የሚባል ነገር አያውቅም፤ ፎንቱ ሲነሳ አማርኛውም አብሮ ይነሳል። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ፣ ለዓለም ፊደላት ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው ደረጃ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1999፣ በዩኒኮድ 3.0 ነው። እኛ ግን ከዚያ በኋላም ስንት ዓመት በድሮው ጻፍን! መቀየሪያ ፕሮግራም አለ። ግን የተቀየረውን እያንዳንዱን ገጽ ቁጭ ብሎ የሚያርም ሰው ይፈልጋል። ያ ሰው ማን እንደሚሆን ጸሐፊዎቻችን ያውቃሉ።

ስለዚህ ኮሚቴው ሲሰበሰብ «የትኛው ወርድ ይመስላል?» በሚለው አልጀመርንም። የራሳችንን ወረቀት ይዘን ገባን። አርማ ያለበት ሰርኩላር፣ የውጤት መመዝገቢያ ሠንጠረዥ፣ አማርኛና ሒሳብ የተቀላቀለበት ፈተና፣ አንድ ረጅም ቃለ ጉባዔ። ኢንተርኔት ላይ ያለው ማወዳደሪያ ሁሉ በእንግሊዝኛ ሰነድ ነው የተሠራው። ለእንግሊዝኛው ችግር የለም። ካሊብሪ የሚባለው ፎንት ሲጠፋ ካርሊቶ ይተካዋል፣ ታይምስ ሲጠፋ ሊበሬሽን ሰሪፍ ይተካዋል፤ ስፋታቸው እኩል ስለሆነ መስመር አይነቃነቅም። ለኒያላ ግን እንዲህ ያለ መንትያ አብሮ አይመጣም። ለዚህ ነው ከሶፍትዌሩ እኩል ስለ ፎንት የጨቀጨቅናችሁ። አቢሲኒካ ነፃ ነው፤ ሊኑክስ ላይም ዊንዶውስ ላይም ይጫናል። ሁላችንም አንድ ፎንት ከያዝን ፊርማው ከሠንጠረዡ አይሰደድም።

ኦዲኤፍን ለምን እንዳልን አሁን ስክሪኑ ላይ እናሳያችኋለን። ይህ የትናንት ቃለ ጉባዔ ነው፣ በኦዲቲ፣ ማለትም ለጽሑፍ በሚሆነው የኦዲኤፍ ፋይል፣ ሴቭ የተደረገ። ስሙን ወደ ዚፕ እቀይረዋለሁ፤ ተፈታ። ውስጡ ኮንቴንት የሚባል የኤክስኤምኤል ፋይል አለ። በተራ የጽሑፍ ማንበቢያ ከፈትኩት። አነበባችሁ? «የስብሰባው አጀንዳ» ይላል፣ በምልክቶች መካከል፣ በጥርት ያለ አማርኛ። ሊብሬ ኦፊስ ነገ ከምድር ቢጠፋ እንኳ ይቺ ቃለ ጉባዔ ትነበባለች። የኦዲኤፍ ደንብ እ.ኤ.አ. ከ2006 ጀምሮ የአይኤስኦ፣ የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት፣ ደረጃ ነው።

«የወርዱም ፋይል፣ ዶክኤክስ፣ ዚፕ ነው፣ እሱም አይኤስኦ ነው» የምትሉ አላችሁ፤ የኋላ ወንበር፣ አይቻችኋለሁ። እውነት ነው፣ እ.ኤ.አ. ከ2008 ጀምሮ። ግን የዶክኤክስ ደንብ ሲቀርብ ከ6,000 ገጽ በላይ ነበር፤ ጥብቅ የሚባለውን ዓይነት ደግሞ ወርድ ራሱ ካልመረጣችሁለት በቀር አይጽፈውም። ሌላ ሰው ይህን ሁሉ በትክክል እንዲተረጉም ትጠብቁና አንድ ሳጥን ሲንሸራተት ትጮኻላችሁ!

ለምን ሌላውን ነፃ የቢሮ ሶፍትዌር፣ ኦፕን ኦፊስን፣ አይደለም ላላችሁ፣ አጭር ታሪክ። እሱና ሊብሬ ኦፊስ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው። ስታር ኦፊስ የሚባል የጀርመን ሶፍትዌር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1999 ሰን ማይክሮሲስተምስ ገዛው፣ በ2000 ኮዱን ለሕዝብ ከፈተው። በ2010 ኦራክል ሰንን ጠቀለለ። አዘጋጆቹ አላማራቸውም። በኛ መስከረም 18 ቀን 2003 ዓ.ም.፣ በመስቀል ማግስት፣ የራሳቸውን ድርጅት አቁመው ሊብሬ ኦፊስ ብለው ወጡ። ሥራው ከሰዎቹ ጋር ሄደ። ኦፕን ኦፊስ ዛሬም አለ፤ ነገር ግን እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ ከ4.1 ፈቅ አላለም። ከድሮ ሲዲ የጫናችሁት ካላችሁ አውጡት።

ስለ ጀርመኗ ከተማ ስለ ሙኒክ የምትጠይቁኝ አላችሁ። አዎ፣ ከተማዋ ወደ 15,000 የሚጠጉ ኮምፒውተሮቿን ወደ ሊኑክስ አዛወረች፣ እ.ኤ.አ. በ2017 ደግሞ ምክር ቤቱ ወደ ዊንዶውስ እንመለስ ብሎ ድምፅ ሰጠ። ሁሌ የሚጠቀሰው እሱ ነው። የፈረንሳይ ጀንዳርሜሪን፣ ወታደራዊ ፖሊሱን፣ ግን ማንም አይጠቅስም። እነሱ እ.ኤ.አ. በ2005 አስቀድመው የቀየሩት የቢሮ ሶፍትዌሩን ነው፣ ዊንዶውሱ እንዳለ። ቀጥለው ብሮውዘሩንና ኢሜይሉን። ሰው እጁ ከለመደ በኋላ ነው ኡቡንቱ ወደሚባለው ሊኑክስ የሄዱት። ዛሬ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ማሽኖች በሊኑክስ ይሠራሉ። እኛ ከጭራው ጀመርን፤ ማሽኖቹ ምርጫ አልሰጡንም። ቢያንስ ዊንዶውስ የቀራችሁ ክፍሎች ከዛሬ ጀምሮ ሊብሬ ኦፊስን ጫኑና ልመዱት።

የቀሩትን ቶሎ ልበል። ደብሊው ፒ ኤስ ወርድን ይመስላል፣ ሊኑክስ ላይም ይሠራል፤ ኮዱ ግን ዝግ ነው። አልመረጥነውም። ኦንሊ ኦፊስ ክፍት ነው፤ ዶክኤክስን ሲከፍት ከሊብሬ ኦፊስ የተሻለባቸው ወረቀቶች አጋጥመውናል። ከሌላ መሥሪያ ቤት ጋር ፋይል ለሚመላለስ ቢሮ እንጭናለን። ጉግል ዶክስ ኔትወርክ ሲኖር መልካም ነው። አቢወርድ ላረጁት ማሽኖች ይበቃል።

ፋይናንሶች፣ የኤክሴል ማክሮዎቻችሁ፣ ሥራውን በራሳቸው የሚሠሩላችሁ ትእዛዞች፣ ሁሉም በሊብሬ ኦፊሱ ሠንጠረዥ በካልክ ላይ እንደማይሠሩ አይተናል። እናንተ አንድ ሕጋዊ ዊንዶውስ ይቆይላችኋል። አንድ አልኩ።

ከሰኞ ጀምሮ ቴክኒሻኖቹ በየቢሮው ይዞራሉ። ፎንቱን ይጭናሉ፣ ሊብሬ ኦፊስ ሁልጊዜ በኦዲኤፍ ሴቭ እንዲያደርግ ያስተካክላሉ። ክራክ ያለበት ማሽን ካገኙ አይነኩትም፤ የክፍሉን ስም ጽፈው ለዲኑ ቢሮ ይሰጣሉ። ክቡር ዲን፣ ይህን ፊት ለፊትዎ የምናገረው ዝርዝሩ ሲመጣ መሳቢያ ውስጥ እንዳይቀር ነው። የርስዎም ማሽን ዝርዝሩ ውስጥ ሊገባ ይችላል።

ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ። «ወርዱን የዊንዶውስ ፕሮግራም ሊኑክስ ላይ በሚያስነሳው በዋይን ብንጭነውስ?» የሚል ግን ሻይ ሰዓት ላይ ለብቻው ያግኘኝ።