ሽማግሌ የማይላክበት ጉዳይ

(ለንደን በሚገኝ የኢትዮጵያውያን ማኅበር ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞችና እህቶች፤

ቦርዱ የሰጠኝ ርእስ «የሕፃናትና የተጋላጭ አዋቂዎች ጥበቃ በአዳራሻችን» የሚል ነው፤ የሰጠኝ ጊዜ ደግሞ ቡናው እስኪፈላ ነው። ረቂቅ መመሪያው ባለፈው ወር በየቤታችሁ ስለደረሰ ገጽ በገጽ አላነብላችሁም፤ ምንም እንኳ ከመካከላችን ያላነበበው ካነበበው እንደሚበልጥ ብገምትም። ዛሬ በዋነኛነት የቆምኩት ስለ አንቀጽ 7 ለመናገር ነው፤ በቦርዱ ውስጥም ከቦርዱ ውጭም ያጨቃጨቀን እርሱ ነውና። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን የገናውን ነገር ላንሣ።

ያለፈውን የገና በዓል ስታስታውሱ ዶሮው፣ ከበሮውና በዚያ ብርድ የተበላሸው ማሞቂያ ትዝ እንደሚላችሁ አውቃለሁ። እኔ ትዝ የሚለኝ ሌላ ነው። ልጆቹን ከወጥ ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍል አስገብተን፣ ሁለት ወጣቶች ሥዕል እያሳሏቸው፣ እኛ ወላጆች በትልቁ አዳራሽ እስክስታ ላይ ነበርን። ውኃ ላደርስላቸው ስሄድ በክፍሉ በር ላይ ወንበር አስጠግቶ የተቀመጠ፣ ስልኩን ወደ ልጆቹ አቅንቶ የሚቀርጽ ጎልማሳ አየሁ። ሰላም ብዬ ማን እንደ ሆነ ብጠይቀው የአንድ አባላችንን ስም ጠርቶ «ከእርሱ ጋር ነኝ» አለኝ። አባላችን እንጀራ እያቀረበ ነበርና ሄጄ ስጠይቀው «የከበሮ መቺው ዘመድ መስሎኝ ሰላም አልኩት እንጂ አላውቀውም» አለ። ከበሮ መቺው በበኩሉ የቦርዱ እንግዳ እንደ ሆነ ሰምቻለሁ አለ፤ ከማን እንደ ሰማ ግን አላስታወሰም። ጸሐፊያችንን ፈልጌ ሳገኘው፣ እጁ በወጥ እንደ ተያዘ፣ «አንቺ የጋበዝሽው አይደለም እንዴ?» ብሎ መልሶ እኔኑ ጠየቀኝ። አንዲት እናት ደግሞ ሰውየው ብቻውን ሆኖ ስላሳዘናት ጠላ ቀድታለት፣ ወንበሩንም ከብርዱ ወደ ልጆቹ ክፍል ያስጠጋችለት እርሷ እንደ ሆነች በደስታ ነገረችኝ።

በመጨረሻ ሰውየው የሌላ አባላችን ጎረቤት ሆኖ ተገኘ፤ በዓሉን ብቻውን እንዳይውል ተብሎ የተጋበዘ፣ ቪዲዮውንም ሀገር ቤት ላለች ልጁ ሊልክ የፈለገ ሰው ነው። ስነግረው ወዲያው አጠፋው። ምንም ክፉ አላደረገም፤ እርሱን የምከስበት ነገር የለኝም። የምከሰው አዳራሹን ነው። ያ ሁሉ ሰው ሳሕን ይዞ በአጠገቡ ሲያልፍ እያንዳንዱ ሌላው ያውቀዋል ብሎ አስቦ ነበር፤ ክፉ ማድረግ የፈለገ ሌላ ዓይነት ሰው ቢሆን ኖሮ ወንበርም ጠላም ከእኛው ባገኘ ነበር።

«እዚህ ሁላችንም እንተዋወቃለን» የሚለውን ክርክር ከዚያ ቀን ጀምሮ መስማት አቅቶኛል። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2002 ሶሃም በምትባለው የካምብሪጅሻየር ከተማ ሁለት የ10 ዓመት ልጃገረዶችን የገደለው ሰው የትምህርት ቤት ጠባቂ ነበር፤ ጓደኛውም በልጆቹ ትምህርት ቤት የክፍል ረዳት ሆና የሠራች፣ ልጆቹ የሚወዷት ሴት ነበረች። በሌላ አውራጃ ፖሊስ ዘንድ በተደጋጋሚ አቤቱታ ቀርቦበት እንደ ነበር የታወቀው ልጆቹ ከሞቱ በኋላ ነው። ያን ተከትሎ ከተደረገው ምርመራ የ2006ቱ የተጋላጭ ወገኖች ጥበቃ ሕግ ወጣ፤ የሰውን የወንጀል መዝገብ አጣርቶ ወረቀት የሚሰጠው፣ ዛሬ ዲ.ቢ.ኤስ. የምንለው መሥሪያ ቤትም በ2012 ተቋቋመ። ስለዚህ ከቅዳሜ አማርኛ ትምህርት ቤታችን መምህራን ይህ ወረቀት ሲጠየቅ ማንንም ለማዋረድ አይደለም። ለበጎ ፈቃደኛ የመንግሥቱ ክፍያ ነጻ ነው፤ ማመልከቻውን የሚያስተላልፍልን ድርጅት የሚጠይቀውን ማኅበሩ ይከፍላል። ይህም ሆኖ አንድ የማከብራቸው አባት «ልጄ፣ በዚህ ዕድሜዬ ወንጀለኛ ብለሽ ጠረጠርሽኝ?» ብለው ፎርሙን ጠረጴዛው ላይ ትተውልኝ ሄደዋል። በዚህ በኩል ለማንም አልሳሳም፤ እኔም ሞልቻለሁ፤ ሊቀመንበራችንም ሞልተዋል፤ ቄሱም ሞልተዋል።

ወረቀቱ ራሱ ግን ብዙ እንዳያዘናጋን። የሚያሳየው በዚህ ሀገር ፖሊስ መዝገብ የገባውን ነው፤ የእኛ የብዙዎቻችን መዝገብ ደግሞ የሚጀምረው ሂትሮው ከወረድንበት ቀን ነው። ከዚያ በፊት የኖርንበትን፣ አዲስ አበባም ይሁን ካርቱም ወይም ቤይሩት፣ ዲ.ቢ.ኤስ. አያየውም። ረቂቁ አንድ አዋቂ ከልጅ ጋር ብቻውን በተዘጋ ክፍል አይሆንም፣ ልጅን በመኪና ብቻውን አያደርስም፣ ልጅ የሚረከበው በመዝገብ ላይ ስሙ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚለው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አንቀጽ 7 ልምጣ። አንቀጹ የሚለው አጭር ነው፤ በልጅ ወይም በተጋላጭ አዋቂ ላይ ጉዳት ደርሷል ወይም ሊደርስ ይችላል የሚል ጥርጣሬ ሲነሣ ነገሩ በዚያው ቀን ለጥበቃ ኃላፊዋ ወይም ለተተኪዋ ይነገራል፤ አደጋው አጣዳፊ ከሆነ በቀጥታ ለፖሊስ፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ የማኅበሩ አባል ሽማግሌ ሆኖ በነገሩ አይገባም። ይህ የመጨረሻው ሐረግ ነው ያስቆጣው።

ሽምግልናን የናቅሁ አስመስለው የሚያወሩ አሉ። እኔ ሽምግልናን አከብራለሁ። ሽማግሌ ባይኖር ይህ ማኅበር ዛሬ ሦስት ማኅበር በሆነ ነበር፤ የ«ሒሳቡ ይመርመር» ዓመትን የምታስታውሱ ሁሉ ይህን ታውቃላችሁ። ለባልና ሚስት፣ ለዕድር ገንዘብ፣ ለቦርድ ጠብ ሽማግሌ ይላክ። ነገር ግን ሽምግልና ሁለት ተካራካሪ ይፈልጋል፤ ሁለቱም እኩል የሚናገሩ፣ ሁለቱም እምቢ ማለት የሚችሉ። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ከማን ጋር ነው የምትደራደረው?

በሌላ ማኅበር የሆነውን ላንሣ፤ የትኛው እንደ ሆነ አልናገርም። አንዲት ልጅ አንድ የተከበረ ሰው ያደረጋትን ለእናቷ ነገረቻት። እናትየዋ እዚህ ሀገር ብቻዋን ስለ ነበረች ያማከረችው የምታከብራቸውን አባቶች ነው። እነርሱም በቅን ልብ ተሰበሰቡ፤ ሰውየው ተጠራ፣ ካደ፣ በኋላም «ሰይጣን ነው» አለ፣ ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ዳቦ ተቆረሰ። እናትየዋ ገመናዋን አደባባይ እንዳታወጣ ተመከረች፤ የልጅቱ የወደፊት ትዳር እንዳይበላሽ ተባለ። ከዚያ በኋላ በበዓላት ያልታዩት እናትና ልጅ ናቸው። ሰውየው ግን ልጆች ሲዘምሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያጨበጭብ ነበር። ታዲያ ያ ዕርቅ የማን ዕርቅ ነበር? ያቺን ልጅ ማን ጠየቃት? ሽማግሌዎቹ የሰውየውን ስም አድነዋል፣ የማኅበሩን ስም አድነዋል፣ በዚያ አዳራሽ ወደሚገቡት ሌሎች ልጆች የሚያደርሰውን በር ግን ክፍት ትተውለታል። ይህ በእኛ ቤት አይደገምም፤ ለዚህ ሲባል አንድ ትልቅ ለጋሽ ከማኅበራችን ቢወጣ ይውጣ!

ይሉኝታ የሚያጠፋው እኛን ብቻ አይደለም። ከአይቮሪ ኮስት ትምህርት ይሰጣታል ተብላ በአያቷ እህት የመጣችው ቪክቶሪያ ክሊምቢዬ እ.ኤ.አ. በየካቲት 2000 እዚሁ ለንደን ሞተች፤ 8 ዓመቷ ነበር፤ በሰውነቷ ላይ 128 ቁስልና ጠባሳ ተቆጠረ። በ2003 የወጣው የሎርድ ላሚንግ ሪፖርት ሕይወቷን ማዳን ይቻልባቸው የነበሩ 12 አጋጣሚዎች እንዳለፉ ዘርዝሯል። ልጅቱ በአሳዳጊዎቿ ፊት እንደ ወታደር ቀጥ ብላ ትቆም ነበር፤ ጉዳዩን የያዘችው ሠራተኛ ግን የባህል አክብሮት ነው ብላ ተረጎመችው። ከመሞቷ በፊት የወሰዷት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ደግሞ ፓስተሩ ርኩስ መንፈስ ሳይኖርባት አይቀርም ብሎ ነበር። እኛም ልጅ በአባቱ ፊት አቀርቅሮ ሲቆም «እንዴት የታነጸ ነው» የምንል፣ ልጅ በድንገት ባሕርይዋ ሲለወጥ ከሐኪም በፊት መንፈስ የምንጠረጥር ሰዎች ነን። አክብሮትንም ጸበልንም አልነቅፍም፤ ፍርሃት አክብሮት መስሎ ሊያልፈን እንደሚችል ግን እንወቅ።

አንቀጹ ከጸደቀ የሚሆነው ይህ ነው። የምንነግረው ለአካባቢው አስተዳደር፣ ለካውንስሉ፣ የሕፃናት ክፍል፣ ሶሻል ሰርቪስ ለምንለው ነው፤ የተጠረጠረው የእኛው መምህር ወይም አሠልጣኝ ከሆነ ደግሞ በአንድ የሥራ ቀን ውስጥ ይህን የሚከታተለው የካውንስሉ ኃላፊ ይነገረዋል። እኛ አንመረምርም፣ ልጁን በጥያቄ አናጨናንቅም፤ የነገረንን በራሱ ቃል ጽፈን እንሰጣለን። በቡና ላይም አይወራም። «ሶሻል ሰርቪስ ልጆቻችንን ይወስዳል» የሚለው ፍርሃት ከየት እንደ መጣ አውቃለሁ፤ ከመካከላችን የቀመሰው ቤተሰብም አለ። ነገር ግን ዝም ማለታችን ያን ፍርሃት አያቀልልንም፤ ነገሩ በሌላ በኩል ሲወጣ ማኅበሩ ራሱ ለምን ደበቀ ተብሎ ይጠየቃል።

ተጋላጭ አዋቂ ሲባል በእኛ መካከል ቀድመው የሚታሰቡት አረጋውያን ናቸውና ስለ እነርሱ ባጭሩ ልናገር፤ የሐሙሱን ምሳ የሚያስተናግዱ እህቶች ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። የልጅ ልጅ ሊያሳድጉ መጥተው በዚያው የቀሩ፣ ቋንቋው የማይገባቸው እናቶች አሉን፤ ጡረታው በስማቸው ይገባል፣ የባንክ ካርዱ ግን በሌላ ሰው ኪስ ነው። እ.ኤ.አ. የ2014ቱ የእንክብካቤ ሕግ ይህን የገንዘብ በደል ብሎ ይጠራዋል። ከልጅ የሚለየው፣ አእምሯቸው የተስተካከለ ሰዎች ስለ ራሳቸው የመወሰን መብት ስላላቸው በመጀመሪያ የሚጠየቁት እነርሱ መሆናቸው ነው፤ ብቻቸውን፣ ዘመድ ባልሆነ አስተርጓሚ። ወይዘሮዋ «ተዉት፣ ልጄ ነው» ካሉ፣ ሌላ ሰው አደጋ ላይ እስካልሆነ ድረስ፣ ብንቃጠልም ቃላቸውን እናከብራለን።

የቀሩት ነጥቦች በረቂቁ ውስጥ አሉ። የልጆች ፎቶ ያለ ወላጅ የጽሑፍ ፈቃድ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። የአዳራሹ ቁልፍ ያለ ፊርማ ለማንም አይሰጥም። የእግር ኳስ አሠልጣኞችና የሃይማኖት አስተማሪዎች ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2022 ጀምሮ ከሚያስተምሩት የ16 ወይም የ17 ዓመት ልጅ ጋር የፆታ ግንኙነት መፈጸም፣ ልጁ ተስማምቶ ቢሆንም እንኳ፣ በዚህ ሀገር ወንጀል መሆኑን ይወቁ፤ «ትልቅ ልጅ ናት» የሚለው መልስ ከእንግዲህ አይሠራም።

አንቀጽ 7ን ወደ «በሽማግሌ ካልተፈታ» ለማሻሻል የቀረበ ሐሳብ እንዳለ ሰምቻለሁ፤ እኔ እቃወመዋለሁ። ድምፁ በእጅ ማውጣት እንጂ በምስጢር እንዳይሆንም እጠይቃለሁ፤ ማን ምን እንደ መረጠ እንተያይ። ክቡር ሰብሳቢ፣ አንቀጹን ያንብቡልን።