መቼ ጀመራት?

(ኮተቤ ካራ፣ በሰፈሩ ነዋሪዎች የክረምት መሰባሰቢያ ላይ የተደረገ ንግግር)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ የዕድራችን ዳኛና ጸሐፊ፣ ጎረቤቶቼ፣ በተለይ ደግሞ በመስከረም 12ኛ ክፍል የምትገቡ እህቶቼና ወንድሞቼ፣ እንደምን ዋላችሁ? በዚህ ዝናብ ያንን ሁሉ ጭቃ ረግጣችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ድንኳኑን ለሰጠን ዕድርም እግዜር ይስጥልን።

የሕክምና ተማሪ ስለሆንኩ አዘጋጆቹ «ስለ ሕክምና ትምህርት ንገሪልን፣ ልጆቹ ይነቃቁ» ብለውኛል። እነግራችኋለሁ። ግን ዛሬ እዚህ ለመቆም እሺ ያልኩት በዋናነት ወላጆችን ለማናገር ነው። ሆስፒታል ውስጥ ሳይ የከረምኩት ሕመም፣ ብዙው የሚጀምረው እዚያ አይደለም። እዚህ ነው። እኛ ቤት፣ እኛ ግቢ።

በተማሪዎቹ ልጀምር።

ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ መጀመሪያ ፍሬሽማን ትማራላችሁ። ሕክምና የሚደርሳችሁ ከዚያ በኋላ ነው፤ ፉክክሩም ከባድ ነው። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ንባብ ናቸው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ባዮኬሚስትሪ፤ መጽሐፉ አያልቅም። ከዚያ ክሊኒካል ይመጣል። ነጭ ጋውን ለብሳችሁ ዋርድ፣ በሽተኞች ወደተኙበት ክፍል፣ ትገባላችሁ። እኔ አሁን ሲ ዋን፣ የመጀመሪያውን የክሊኒካል ዓመት፣ ጨርሻለሁ። ከክረምቱ በኋላ ሁለተኛውን፣ ሲ ቱ እገባለሁ። ቀጥሎ የኢንተርንሺፕ ዓመት አለ። ውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ሕክምና፣ ሕፃናት፣ ማህፀንና ጽንስ እየተዘዋወራችሁ ዲዩቲ፣ ማለትም ተረኛ ሆናችሁ፣ የምታድሩበት ዓመት ነው።

ቀናችን ሞርኒንግ በምንለው የጠዋት ስብሰባ ይጀምራል። ሌሊቱን ያደሩት ኢንተርኖችና ሬዚደንቶች (ስፔሻላይዝ የሚያደርጉ ሐኪሞች) የገቡትን በሽተኞች ለሲኒየሮች፣ ለነባር ሐኪሞቹ፣ ያቀርባሉ። ዓይናቸው ቀልቶ፣ ድምፃቸው ተዘግቶ ነው የሚያቀርቡት። ከዚያ ራውንድ ነው። ከአልጋ አልጋ እንዞራለን። ተማሪው የያዘውን በሽተኛ ታሪክ ይናገራል፣ ሲኒየሩ ይጠይቃል። ያልመለስነውን ማታ እናነባለን። በማግስቱ ደግሞ ሌላ ጥያቄ ይመጣል። በበዓል ቀንም በሽተኛ አለ። የእኛ ዕረፍት እንደሌላው ዲፓርትመንት ተማሪ ረዥም አይደለም። የተገኘችውም መጀመሪያ በእንቅልፍ ነው የምታልቀው። እናቴ ትመሰክራለች፣ እዚህ አለች።

ሕክምናን ለስሙ ብላችሁ እንዳትገቡበት አደራ። ወላጆችም «ዶክተር ካልሆንክ» ብላችሁ ልጅ አታስጨንቁ። ሰው ማዳመጥ የምትወዱ ከሆነ፣ ሌሊትም ቢሆን ለሰው መነሳት የማይከብዳችሁ ከሆነ ግን ኑ። እኔ በ2012 ኮሮና ሲገባ ገና የሃይስኩል ተማሪ ነበርኩ። የካ ኮተቤ ሆስፒታላችን በሽተኞቹን ሲቀበል አምቡላንሶቹ በዚህ መንገድ ሲያልፉ እናይ ነበር። ሰው ሁሉ ቤቱን ዘግቶ ሳለ ወደዚያ ግቢ የሚገቡ ሰዎች ነበሩ። ያን ጊዜ ነው የቆረጥኩት። ውሳኔዬ ልክ ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳዬ።

ዋርድ ስንገባ ከሁሉ በፊት የምንማረው መጠየቅ ነው። መርፌም ራጅም በኋላ ይደርሳል። «ምን አመመሽ? መቼ ጀመረሽ? ከዚያ በፊትስ?» እያልን ወደ ኋላ እንሄዳለን። እኔ ያልጠበቅኩት ነገር፣ ወደ ኋላ በሄድን ቁጥር የምንደርሰው ቤት ውስጥ መሆኑን ነው።

ውስጥ ደዌ ሳለሁ አንዲት ልጅ ይዤ ነበር። እዚህ ከፊት ከተቀመጣችሁት ጋር እኩያ ትሆናለች። ጋደም ማለት አትችልም። ከተኛች ትንፋሿ ይቆራረጣል። ሌሊቱን ትራስ ደራርባ፣ ተደግፋ ነው የምታድረው። «በስንት ትራስ ነው የምትተኚው?» ብለን እንድንጠይቅ ተምረናል። ትራሱ በጨመረ ቁጥር ልብ እየደከመ ነው ማለት ነው። እግሯ አብጧል፤ ጣቴን ስጫነው ጎድጉዶ ይቀራል። ደረቷ ላይ መዳፌን ሳሳርፍ ልቧ ሲርገበገብ እጄ ላይ ይሰማኛል። እናቷ ኮሪደሩ ላይ ካርቶን አንጥፈው ነው የሚያድሩት።

«እናቴ፣ መቼ ጀመራት?» አልኳቸው።

«እሷማ ከልጅነቷ ነው» አሉኝ። ጉሮሮዋን ያማት ነበር። ብርድ ነው ብለው ዝንጅብል አፈሉላት። ሲመላለስባት ጎረቤት «እንጥሏ ወርዶ ነው» አላቸውና አስቆረጧት። ቆየት ብሎ ጉልበቷ አበጠ። እሱ ሲተዋት ቁርጭምጭሚቷ ቀጠለ። «የእድገት ነው፣ ይተዋታል» ተባሉ። እውነትም ተዋት። ልቧን ግን አልተዋትም።

እኚህን እናት ማንም እንዲወቅስብኝ አልፈልግም። ለልጃቸው ያላደረጉት የለም። የተነገራቸውን ሁሉ አድርገዋል። የቸገረው፣ ትክክለኛውን ነገር በሰዓቱ የነገራቸው ሰው አለመኖሩ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጉሮሮ ሕመሞች አንዱ ዓይነት ስትሬፕቶኮከስ በሚባል ባክቴሪያ ይመጣል። በብዛት የሚያጠቃው ከ5 እስከ 15 ዓመት ያሉ ልጆችን ነው። ሰውነት ባክቴሪያውን ለመዋጋት ይነሳል። አንዳንድ ልጆች ላይ ታዲያ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ ያው መከላከያ ዞሮ የራሱን አካል ይመታል። መገጣጠሚያን ይመታና ይለቃል። ልብን ሲመታ ግን ጠባሳ ጥሎ ይሄዳል። ይህ ሲደጋገም ደም በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲያልፍ የሚከፍቱና የሚዘጉት የልብ ቫልቮች ይበላሻሉ። ክረምት ዝናብ ጠጥቶ ያበጠ የእንጨት በር ታውቃላችሁ፤ በደንብ አይከፈትም፣ ሲገፉትም አይገጥምም። የዚያች ልጅ ቫልቭ እንደዚያ ሆኗል።

ጉሮሮዋን ባመማት ጊዜ አንድ የቤንዛቲን ፔኒሲሊን መርፌ ወይም የ10 ቀን የአሞክሲሲሊን መድኃኒት ይህን ሊያስቀር ይችል ነበር። ውድ መድኃኒት አይደለም። ጤና ጣቢያ ያለ ነው። አሁን ግን በየወሩ መርፌ ትወጋለች፣ ለብዙ ዓመት። ቫልቩ ደግሞ በቀዶ ሕክምና ካልሆነ አይስተካከልም። ዶክተር በላይ አበጋዝ ለልብ ሕሙማን ሕፃናት ብለው ስንት ደክመው ያቋቋሙት፣ ጥቁር አንበሳ ግቢ ያለው የልብ ማዕከል ደጃፍ ላይ ልጅ አቅፎ ተራ የሚጠብቀውን ወላጅ ብታዩት፣ የጉሮሮ ሕመምን ዳግመኛ አትንቁትም።

ስለዚህ እባካችሁ። ልጅ ትኩሳት ካለው፣ ሲውጥ ካመመው፣ አንገቱ ሥር እጢ ካበጠ፣ ሳልና ንፍጥ ደግሞ ከሌለው ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ሳልና ንፍጥ ያለበት አብዛኛውን ጊዜ የተለመደው ጉንፋን ነው፤ ፀረ ባክቴሪያ አያስፈልገውም። ይህን የሚለየው ባለሙያ ነው። ከፋርማሲ አሞክሲሲሊን በራሳችሁ ገዝታችሁ አትስጡ። የታዘዘለትንም ሲሻለው አታቋርጡ። ግማሹን ለታናሽ ወንድሙ ማስቀመጥ ይቅር። እንጥል ማስቆረጥ ደግሞ ለምንም አይጠቅምም። ያደማል፣ ይመረቅዛል፣ ሕፃን ይገድላል። ጉልበት አብጦ ወደ ሌላ መገጣጠሚያ ከዞረ «እድገት ነው» አትበሉ። በዚያው ቀን ሂዱ።

ሁለተኛው ስለ ከሰል ነው።

እኛ የካ ተራራ ሥር ነን። የሐምሌና የነሐሴ ብርዳችን ይታወቃል። ማታ ቡና ተፈልቶ ሲያልቅ ማንደጃው ውስጥ ፍም ይተርፋል። እሱን ወደ መኝታ ቤት አስገብቶ፣ በርና መስኮት ጠርቅሞ መተኛት በየሰፈሩ አለ። አራስ ቤትማ የባሰ ነው፤ «አራስ ብርድ እንዳይመታት» ተብሎ ቀዳዳው ሁሉ በጨርቅ ይወተፋል። ሰው ደግሞ «ጭሱ ካለቀ፣ ከሰሉ ፍም ከሆነ አይጎዳም» ይላል። ይህን አባባል ከሰፈራችን ማጥፋት እፈልጋለሁ። የሚገድለው ጭሱ አይደለም። ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። ፍሙ ቀልቶ ሲያምርም ይወጣል። ኦክስጅን የሚሸከመውን የደማችንን ክፍል፣ ሄሞግሎቢንን፣ ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ከዚያ ኦክስጅን መግቢያ ያጣል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ከዚያ ማቅለሽለሽ፣ ከዚያ ድካምና እንቅልፍ ይመጣል። የተኛ ሰው ራስ ምታቱን እንኳ አይሰማውም። አይነቃም።

ፍሙን ውጭ አጥፉት። ብርዱን በብርድ ልብስ፣ በካልሲ፣ በጋቢ እንቻለው። ክፍል ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ሁለት ሦስት ሰው አንድ ላይ ራሱን ካመመው፣ ቡና ጎድሎት ነው ብላችሁ ሌላ አታፍሉ። በሩን በርግዱና ውጡ። ራሱን የሳተ ካለ ወደ አየር አውጡትና ኦክስጅን ወዳለበት ሆስፒታል አድርሱት። «ወተት ይጠጣ» የሚባለውን ተዉት፣ ራሱን የሳተ ሰው ይታነቃል።

የክረምት ተቅማጥንም በአጭሩ። ልጁን የሚገድለው የፈሳሽ ማለቁ ነው። አንድ ፓኬት ኦአርኤስ (የወጣውን ፈሳሽና ጨው የሚተካ ዱቄት) በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጡና በትንሽ በትንሹ ስጡት። ቢያስመልሰው ትንሽ ቆይታችሁ ቀጥሉ። ጡት የሚጠባ ከሆነ አይቁም። ጤና ጣቢያ የሚሰጡትን ዚንክ ተቅማጡ ቢቆምም ጨርሱለት። ዓይኑ ከጎደጎደ፣ መጠጣት ካቃተው፣ ደም ከታየ ቤት አትጠብቁ። ሳል ደግሞ ሁለት ሳምንት ካለፈው የቲቢ ምርመራ ነው። ሕክምናው ነጻ ነው።

ይህን ሁሉ ስናገር አዲስ ነገር ያመጣሁ እንዳይመስላችሁ። ጎንደር አጠገብ፣ ደንቢያ ላይ ወባ ሺዎችን ከፈጀ በኋላ፣ በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የተከፈተው ለዚሁ ነው። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና የአካባቢ ጤና ባለሙያው አብረው ሕዝቡ ወዳለበት ይወርዱ ነበር። በሽታውን ከምንጩ ለመያዝ ነበር ሐሳባቸው። በ1995 ዓ.ም. የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራምም የዚያው ሐሳብ ልጅ ነው። ኋላ ወደ ከተማም መጥቷል። እኛ ሰፈር በየበሩ የሚያንኳኩት እህቶቻችን የተማሩ ነርሶች ናቸው። ብዙ ቤት ግን ከበር ይመለሳሉ። «ደህና ነን፣ በሽተኛ የለም» ይባላሉ። እነሱ እኮ የሚመጡት በሽተኛ ሳይኖር ነው፤ ጥቅማቸውም እሱ ላይ ነው። አስገቧቸው። ወንበር ስጧቸው። የልጁን የክትባት ካርድ አሳዩአቸው።

እኔንም የምትጠይቁኝን ልመልስ። ክረምት በመጣሁ ቁጥር እማማም እትዬም «ዶክተር፣ እስቲ ይቺን ወረቀት እያት» ይሉኛል። ደስ ይለኛል፣ አምጡልኝ። መድኃኒቱ በቀን ስንት ጊዜ እንደሚወሰድ፣ ቀጠሮው መቼ እንደሆነ አነብላችኋለሁ። መድኃኒት ግን አላዝም፤ ገና ተማሪ ነኝ። ጤና ጣቢያ መሄድ የፈራ ካለ፣ ካርድ ማውጣት ግራ የገባው ካለ አብሬው እሄዳለሁ። ዕረፍቴ እስኪያልቅ እዚሁ ነኝ። የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችም ባዮሎጂና ኬሚስትሪ ማንበብ የምትፈልጉ፣ ከሰዓት በኋላ ቤታችን ኑ። ጠረጴዛውን ከታላቅ ወንድሜ ጋር አዘጋጅተናል።

አሁን ጥያቄ ያላችሁ እጃችሁን አውጡ። ልጅ ያዘላችሁ እናቶች ቅደሙ፣ ዝናቡ ሳይበረታ እንድትሄዱ።