ሚክሱ አልቋል፤ ለማስተሪንግ ምን ዓይነት ፋይል እንላክ?

[ስክሪን፦ የሙዚቃ መሥሪያው ሶፍትዌር የኤፍኤል ስቱዲዮ ሚክሰር፣ ማስተር ትራኩ ተመርጦ]

ሚክሱን፣ ማለትም የዘፈኑን ድምፆች አመጣጥኖ የማዋሃዱን ሥራ፣ ጨርሳችኋል እንበል። ድምፁ፣ ከበሮው፣ ቤዙ፣ ማሲንቆው ሁሉም ቦታ ቦታውን ይዟል። የቀረው ፋይሉን ለማስተሪንግ ባለሙያው፣ ማለትም ዘፈኑ ከመውጣቱ በፊት የመጨረሻውን የድምፅ ማስተካከያ ለሚሠራው ሰው፣ መላክ ነው። ኤክስፖርት ከማድረጋችሁ በፊት ግን ሁሉም ድምፅ ተደምሮ የሚያልፍበት ማስተር ትራክ ላይ ምን ምን ፕለጊን (ድምፅ ማቀነባበሪያ) እንዳለ እዩ።

ሊሚተር፣ ማለትም ድምፁ ከተወሰነ ጣሪያ እንዳያልፍ የሚጨፈልቅ ፕለጊን፣ ካለ አጥፉት። አንዳንዴ እናንተ ሳታስገቡትም እዚያ ታገኙታላችሁ። ኤፍኤል ስቱዲዮ ውስጥ ሊሚተር ተጭኖበት የሚከፈት ቴምፕሌት (ዝግጁ የፕሮጀክት መነሻ) አለ፤ ሊሚተሩ መኖሩን ሳያውቅ ሙሉ ዘፈን ሚክስ የሚያደርግ ሰው አይጠፋም።

ስታጠፉት ሁለት ነገር ይከሰታል። አንደኛ፣ ዘፈኑ ዝቅ ይላል። ዘፋኙ አጠገባችሁ ካለ «ምን ነካው?» ማለቱ አይቀርም። ንገሩት፤ ከፍ የሚለው ማስተሪንግ ላይ ነው። ሁለተኛው ይበልጥ አሳሳቢ ነው፦ ሊሚተሩ ጨፍልቆ ይዞት የነበረው የከበሮው ኪክና ስኔር ድንገት ፈጥጦ ይወጣል። ይሄ ከመጣ ሚክሱ ገና አላለቀም ማለት ነው። ሊሚተሩን መልሳችሁ አትክፈቱት፤ ወደ ከበሮው ትራክ ሂዱና እዚያው አስተካክሉት።

ኮምፕረሰር፣ ማለትም በከፍተኛውና በዝቅተኛው ድምፅ መካከል ያለውን ልዩነት የሚያጠብ ፕለጊን፣ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ከመጀመሪያው ጀምሮ ማስተሩ ላይ ቀለል ያለ ኮምፕረሰር አድርጋችሁ፣ ሚክሱንም በሱ ውስጥ እየሰማችሁ ከሠራችሁት፣ የዘፈኑ ጠባይ ሆኗልና ተዉት።

[ስክሪን፦ ሁለት ዌቭፎርም ጎን ለጎን፤ አንዱ ጫፍ ጫፍ ያለው፣ ሌላው እንደ ጡብ የተደፈነ]

አሁን ለማስተሪንጉ ቦታ ለመተው ተብሎ ወደምትጠራው ታዋቂ ቁጥር እንምጣ፤ ኔጌቲቭ 6 ዲቢ (ዴሲቤል)። ፒኩ፣ ማለትም የዘፈኑ ድምፅ ከፍ የሚልበት ጫፍ፣ እዚያ አካባቢ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ኔጌቲቭ 3 ቢደርስም ማንም አይሞትም። በ24 ቢት ስትሠሩ ትንሽ ዝቅ ብሎ መቅረት ጥራት አይቀንስም። ዋናው ነገር ጣሪያውን፣ 0ን፣ እንዳይነካ ነው። አንዳንዱ ግን በሊሚተር የተደፈነውን ፋይል ፌደሩን (የድምፅ መጠን ማንሸራተቻውን) 6 ዲቢ ዝቅ አድርጎ «ይኸው፣ ቦታ ትቻለሁ» ይላል። ጨው የበዛበትን ወጥ በትንሽ ሳህን ብታቀርቡት ጨውነቱ አይቀንስም፤ የተቆረጠውም ፒክ ፌደር ስለወረደ አይመለስም።

[ስክሪን፦ የኤክስፖርት መስኮት]

ኤክስፖርቱ ብዙ ወሬ የለውም። ዌቭ፣ ስቴሪዮ፣ 24 ቢት ወይም 32 ቢት ፍሎት። ሳምፕል ሬቱ (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) ፕሮጀክቱ የተሠራበት ራሱ ይሁን፤ በ44.1 ኪሎኸርዝ የሠራችሁትን ወደ 96 ብታሳድጉት ፋይሉን ማወፈር ብቻ ነው። ኖርማላይዝ (ፒኩን በራሱ እስከ ጣሪያው የሚያሳድግ) የሚል ካለ አጥፉት። ዲተር (ቢት ሲቀነስ የሚመጣውን መዛባት የሚሸፍን ቀጭን ሽውታ) ወደ 16 ቢት ሲወረድ የሚያስፈልግ የመጨረሻ ሥራ ስለሆነ ለማስተሪንጉ ተዉለት። ኤምፒ3 አትላኩ። በ48 ኪሎኸርዝና 24 ቢት የ5 ደቂቃ ዘፈን ከ80 ሜጋባይት በላይ ይሆናል፤ ኢንተርኔቱ ቢያስቸግርም ታገሡት።

መጨረሻውን በደንብ እዩት። የመጨረሻዋ ኖታ ካለቀች በኋላ ሪቨርቡ (የድምፁ ማስተጋባት) ገና አየር ላይ ነው። ኤፍኤል ላይ «ቴይል» ከሚለው ስር «ሊቭ ሪሜይንደር» የሚለውን ምረጡ፤ «ከት» ከሆነ ጭራው በመቀስ እንደተቆረጠ ያልቃል። ሌሎቹ ሶፍትዌሮች ላይ የምትመርጡትን ክልል ሪቨርቡ ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ ድረስ ጎትቱት። መጀመሪያው ላይም ትንሽ ዝምታ ተዉ። ፌድ አውቱን (መጨረሻው ላይ ቀስ በቀስ ዝቅ የሚለውን) በእጃችሁ ከመሥራት ይልቅ «2:50 ላይ መውረድ ይጀምር» ብላችሁ ብትጽፉለት ይሻላል።

ከዚያ የወጣውን ፋይል ከፕሮጀክቱ ውጭ ክፈቱና ከዳር እስከ ዳር በሄድፎን ስሙት። እየጫነ የዘለለ ፕለጊን፣ ሚውት ሆኖ የቀረ አዝማች፣ ሁለት ቅጂ የተገጣጠሙበት ቦታ ላይ ያለች «ጠቅ» የምትል ድምፅ፤ ማስተሪንግ እነዚህን ከሚደብቃቸው ይልቅ የሚያጎላቸው ይበዛል። አንድ ጊዜ በሞኖም (ግራና ቀኙ ወደ አንድ ተደምሮ) ስሙት፤ ማሲንቆው ወይም ኪቦርዱ ድንገት ከጠፋ ግራና ቀኙ እየተጣሉ ነውና ወደ ትራኩ ተመለሱ።

ስም ስትሰጡት «ፋይናል ፋይናል 2» አይሁን፤ የዘፋኙ ስም፣ የዘፈኑ ርዕስ፣ ቀን። በቴሌግራም ከሆነ በፋይል መልክ ላኩት። ዘፋኙ ሲሰማው የከረመውን፣ ሊሚተር ያለበትን ቅጂም ካላችሁ «ለማነጻጸሪያ» ብላችሁ ለብቻው ጨምሩለት፤ ባለሙያው ሁላችሁም ጆሯችሁ የለመደው ድምፅ የትኛው እንደሆነ ከዚያ ይገባዋል።