ሚዛን እምቢ ያለው ሰው ምን እየተከላከለ ነው?

እንደምን ዋላችሁ! ከጅማ ከተማም ከአጋሮም የመጣችሁ፣ ቡናችሁን በቤታችሁ እየቆላችሁ በቴሌግራም ግሩፕ የምትወያዩ፣ በተለይ ደግሞ አድሚን ሆናችሁ ያለ ደመወዝ ወቀሳ የምትሸከሙ፣ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ግሩፑን ለማሻሻል ስትነሱ አባላት ለምን እምቢ ይላሉ? ብዙ አድሚን «ሰው ለውጥ ይጠላል» ብሎ ነገሩን ይዘጋዋል፤ «ከማያውቁት መልአክ የሚያውቁት ሰይጣን ይሻላል» ብሎም ይተርትበታል። እኛ አንስማማም። አምና ከከሰል ወደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የተሻገረ ሰው ለውጥ አይጠላም። እምቢ የሚለው የሚያጣው ነገር ስላለ ነው። የሚያጣውን ሳታውቁ የምታስረዱት ሁሉ ጆሮው አይገባም።

ምሳሌ እንውሰድ። ግሩፑ «ከእንግዲህ ቁሌቱን የሚለጥፍ ሰው ክብደትና ሰዓት ይጻፍ» አለ እንበል። ጥሬው 200 ግራም፣ ሲቆላ 168 ግራም፣ ቅናሹ 16 በመቶ። ፍሬው በእሳቱ ላይ መንጣጣት የጀመረው በስንተኛው ደቂቃ ነው? ከእሳት የወጣውስ? ደንቡ ጥሩ ነው። አብዛኛው ቅናሽ ተንኖ የሚሄድ ውሃ ነው፤ ቁሌቱ በጠቆረ ቁጥር ቅናሹ ይበዛል። የፎቶ ብርሃን ቀለሙን ሲያሳስት ቁጥሩ ያርመዋል። ግን 30 ዓመት በምጣድ ላይ በዓይን፣ በአፍንጫና በጆሮ ሲቆሉ የኖሩ እናት ይህን ደንብ ሲያነቡ የሚሰሙት ሌላ ነው፦ የእርስዎ እውቀት ከዛሬ ጀምሮ አይቆጠርም። እስከ ትናንት ሁሉም የሚጠይቀው እሳቸውን ነበር፤ ዛሬ ዲጂታል ሚዛን የገዛ ልጅ ሊያርማቸው ነው። የሚከላከሉት ምጣዳቸውን ሳይሆን ቦታቸውን ነው።

መፍትሔው ስብከት አይደለም፤ ቅጹን ማስተካከል ነው። ከቁጥሮቹ በታች ሦስት መስመር ጨምሩ፦ ሽታው መቼ ተለወጠ፣ ድምፁ እንዴት ነበር፣ ቀለሙ ምን ይመስላል። ሚዛን የሌለው እነዚህን ብቻ ይሙላ። ሚዛን ያለው ግን እነዚህንም ካልሞላ አይለጥፍ። ያኔ ልጁ ከእማማ የሚጠይቀው ነገር ይኖረዋል፤ እሳቸውም ምናልባት አንድ ቀን «እስቲ ያንተ ሚዛን ስንት አለ?» ይላሉ።

ደንቡን ከመለጠፋችሁ በፊት ስልክ ደውሉ። ለማን? አዲስ ሰው ሲጠይቅ ዘወትር ለሚመልሱት አምስት ስድስት ሰዎች፤ የሚጮኹት ይቆዩ። «ትደግፋላችሁ?» ብላችሁ ግን አትጠይቁ። ይሉኝታ አለብን፤ ሁሉም «እሺ» ይላል፣ ከዚያ ዝም ብሎ ይጠፋል። «ይህ ቢሆን ምን ይቸግርዎታል?» በሉ። የሚሰጧችሁ መልስ ደንቡን እንድታርሙ የሚያስገድድ ካልሆነ ከልባችሁ አልጠየቃችሁም ማለት ነው።

ከዚያ አንድ አጭር ማስታወቂያ ከግሩፑ አናት ላይ ሰክታችሁ ፒን አድርጉ፤ በአማርኛም በአፋን ኦሮሞም። ሦስት ነገር ይበቃዋል፦ የሚለወጠው፣ የማይለወጠው፣ እንደገና የምናየው በየትኛው ቀን እንደሆነ። አድሚኖች ሁለተኛውን ይረሳሉ፤ አባላት የሚፈልጉት ግን እሱን ነው።

ሙከራ የሚባለውን እዚህ ጅማ ማስረዳት አያስፈልግም። የቡና ፍሬ በሽታን የሚቋቋመው 74110 የተባለው የቡና ዝርያ በ1974 እ.ኤ.አ. ተመርጦ የተለቀቀው በ1979 ነው። እኛ አምስት ዓመት አንጠይቅም፤ 30 ቀን ይበቃል። ግን በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ቅጹንም የግሩፑንም አደረጃጀት አብራችሁ ከለወጣችሁ፣ ሰው ሲሸሽ የሸሸው ከየትኛው እንደሆነ አታውቁም።

አደረጃጀት ስንል፣ ቴሌግራም ግሩፑን በቶፒክ፣ ማለትም በየርዕሱ በተለዩ ክፍሎች፣ ለመከፋፈል ያስችላል። 12 ቶፒክ አትክፈቱ፤ ባዶ ቶፒክ የተዘጋ ሱቅ ይመስላል። «ጥሬ ቡና»፣ «ቁሌት»፣ «ዕቃ» እና «ጨዋታ» ይበቃሉ። ጨዋታን እንዳትንቁ፤ ቶፒክ ጠላሁ የሚለው ሰው የናፈቀው ብዙ ጊዜ የማለዳ ሰላምታውን ነው። የድሮው መልእክት ሁሉ ጄኔራል በሚባለው ቶፒክ ውስጥ እንደሚቀመጥ፣ ሁሉንም በአንድ ላይ ማየት የሚፈልግም ያን መምረጥ እንደሚችል በማስታወቂያው ንገሯቸው። የቶፒክና የሃሽታግ ፊደልም አንድ ይሁን፤ «ፀሐይ» ብሎ የፈለገ ሰው «ጸሀይ» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም።

ጥሩ ለውጥ በመጥፎ አገባብ እንዴት እንደሚበላሽ ማየት የፈለገ ዊኪፒዲያን ይመልከት። በጁላይ 2013 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝኛው ዊኪፒዲያ ያለ ኮድ ጽሑፍ ማረም የሚያስችል መሣሪያ ለአባላቱ ነባሪ፣ ማለትም ሳይመርጡት የሚከፈት፣ ሆነ። ሐሳቡ ለጀማሪ ተስማሚ ነበር፤ መሣሪያው ግን ዘገምተኛ ነበር፣ ገጾችንም ያበላሽ ነበር። ያበላሸውን የሚያጸዱት ደግሞ ያልጠየቁት ነባሮች ነበሩ። በሴፕቴምበር ነባሪነቱ ተነሣ፤ የፈለገ ብቻ የሚከፍተው ሆነ። መሣሪያው ዛሬም አለ፣ ብዙ ሰው ይጠቀምበታል። ያኔ ያስቆጣው የሥራው ሸክም የወደቀበት ትከሻ ነው።

ቁጣው ሲመጣ አትሰርዙ። የተሰረዘ መልእክት በስክሪንሹት ይመለሳል፣ ከነቁጣው አድጎ። ስድብን ብቻ አንሡ፤ ቅሬታ ይቆይ። ለሁለት ሳምንት «ቅሬታ» የሚባል ቶፒክ ክፈቱና በየቀኑ በአንድ የታወቀ ሰዓት መልሱ፤ ማታ 2 ሰዓት እንበል። በተናደዳችሁበት ደቂቃ ከመጻፍ ያ ሰዓት ያድናችኋል። ወሬው ከጋለ ሰው ከማባረራችሁ በፊት ስሎው ሞድ አብሩ፤ አንድ አባል በ5 ደቂቃ አንድ መልእክት ብቻ ይልካል።

ድምፅ የምታስሰጡት በ30ኛው ቀን ነው፤ ከዚያ በፊት ሰው ያላየውን ነው የሚመርጠው። ስም የማይታይበት ይሁን፤ አለዚያ ወጣቱ የታላላቆቹን ምርጫ አይቶ ይከተላል። ከድምፁ ጎን አንድ ሌላ ነገር ቁጠሩ፦ ያለ ምላሽ የቀሩ የጀማሪ ጥያቄዎች ከባለፈው ወር በዙ ወይስ አነሱ? ከበዙ ድምፁ ቢያሸንፍም ለውጡ አልሠራም። የቶፒክ አደረጃጀቱ በሙሉ ሲጠፋ መልእክቶቹ ተመልሰው በአንድ መስመር ይሰለፋሉ፤ መመለስ አያሳፍርም።

አኩርፎ ወጥቶ የራሱን ግሩፕ የሚከፍትም አይጠፋም። ከኋላው ሐሜት አታውሩበት። ሊንኩን ጠይቁትና እናንተ ጋ ፒን አድርጉለት፤ በቁጥር መሥራት የማይመቸው አዲስ ሰው ሲመጣ የምትልኩት ወደ እሱ ነው።